አርባ ሰባት ቁጥር ጓሮ

ኅዳር ፳፬ ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን አለፈው። ያዘገየኝ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ምክንያት ፈጥሬ ብጽፍልሽም አክስትሽ ከላይ ሆና ትታዘበኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርዱን አልወደደውም እንጂ ሌላው ሁሉ ቦታው ላይ ነው። አንቺስ? ያ ቢሯችሁ አሁንም በአንዲት ምድጃ ነው የሚሞቀው?

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ልብሶቿን ገና አላነሣሁም። የጓሮውንም ቧንቧ አልሠራሁትም፤ እንደምታውቂው ጠብ ጠብ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል እያለች ስትነዘንዘኝ፣ እኔ ነገ ዛሬ ስል፣ ይኸው በግንቦት ቀድማኝ ሄደች። አሁን መፍቻውን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በመጨረሻው ዓመት ጭራሽ መጠየቅ ትታ ነበር። ተስፋ ቆርጣብኝ እንደሆነ ሳስብ ይከብደኛል።

ወደ ዋናው ልምጣ። የወፍ ቆጠራ ቅጻችሁ የመጣው በእሷ ስም ነው። ፖስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ሲጠራ የለችም ማለት አቃተኝና ፈርሜ ተቀበልኩት። ከፈረምኩ ደግሞ መቁጠር አለብኝ። እና በየቅዳሜው ወፍ ሲንጫጫ እነሣና በወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ፣ በእሷ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ከሩብ። በዚህ ከተማ ያሉት በጎ ፈቃደኞቻችሁ ሁሉ በየጓሯቸው በዚያችው ሩብ ሰዓት እንደሚቆጥሩ፣ ይህም አንዱ ወፍ ከጓሮ ጓሮ እየዞረ ሁለቴ እንዳይቆጠር መሆኑን የነገርሽኝን አልረሳሁም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ስትቆጥር እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነብ ነበር። ለካ ከጋዜጣው ጀርባ ይህ ሁሉ ጉድ ነበር። ድንቢጥ ከመጠጣቷ በፊት ግራና ቀኝ ዞር ዞር ብላ እንደምታይ ታውቂያለሽ? ጎንጨት ካደረገች በኋላ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና የምታደርገውስ? ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ድንቢጥ ውሃ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቁጥሩም አኩርቶኛል። ባለፈው ወር መጨረሻ ሠላሳ ሦስት የነበረው ዛሬ ስድሳ ሰባት ደርሷል። አክስትሽ በዕድሜዋ ከአሥር አልፋ አታውቅም። ተሳስቼ እንዳይመስልሽ፣ እንደ ሥራዬ ነው የምሠራው፤ ያለፈውን ሳላይ የዛሬውን አልጽፍም።

የአክስትሽ ባል


ታኅሣሥ ፪ ቀን

ጋሼ፣

ጉልበትዎን በሱፍ ይጠቅልሉት፤ በአክስቴ ቁምሣጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አለ። ምድጃዋ አሁንም አንድ ናት፤ አራታችንም እሷን ከበን ነው ቅጽ የምናነበው። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ከእኔ በቀር የሚያነብ ስለሌለ የአርባ ሰባት ቁጥር ጓሮ ቅጽ ሳይከፈት ወደ እኔ ይወረወራል።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ኃላፊያችንን ማጣሪያ እንላቸዋለን፤ ወፍ ያወጣላቸው ስም ነው፣ የትኛውንም ቁጥር ሳይጠራጠሩ አያሳልፉምና። እሳቸው ስድሳ ሰባቱን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። በእጃቸው ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ለቆጣሪዎቻችን በምንልከው ወርኃዊ ወረቀት ላይም አወጡት። እኔም አክስቴን አስቤ ኮራሁ።

ትናንት ግን ስምንቱንም ቅጾችዎን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ዘጠኝ፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ ሦስት፣ አርባ አንድ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ስድሳ ሰባት። አንድም ቀን አይወርድም። ወፍ እኮ ይወርዳል ጋሼ፤ ዝናብ ሲጥል ይወርዳል፣ ድመት ስታልፍ ይወርዳል፣ ዝም ብሎም ይወርዳል። ከዚያ «ያለፈውን ሳላይ የዛሬውን አልጽፍም» ያሉኝን ደግሜ አነበብኩ።

አይቀየሙኝ፤ ልጠይቅዎ። የዛሬውን ካለፈው ሳምንት ጋር ይደምሩታል?

የእህቷ ልጅ


ታኅሣሥ ፲ ቀን

ልጄ፣

አዎ።

እደምራለሁ። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድማ። ባለፈው ሃያ ስድስት ያለ ቆጣሪ ዛሬ ከዚያ ማነስ አይችልም፤ ካነሰ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ አንባቢው ቤቱ ተቀምጦ ነው የጻፈው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ አየሁ፣ ዘጠኝ ጻፍኩ። በሳምንቱ ስምንት አየሁ፣ አሥራ ሰባት ጻፍኩ። እጄ ነው የጻፈው፤ መደመሬን እንኳ ልብ አላልኩም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ፊቴን ታጠብኩና እንደገና አነበብኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሥራ ዘመኔ አንድም ቁጥር ከራሴ ፈጥሬ ጽፌ አላውቅም። ውሻ ያለበት ግቢ ሲገጥመኝ አጥር ላይ ተንጠላጥዬ ነው ያነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ ተነክሻለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩን ይዤ ነው የወጣሁት። አሁን በስተርጅና፣ ያውም በእሷ ስም ላይ፣ ውሸት ጻፍኩ።

ለኃላፊሽ ይቅርታዬን ንገሪልኝ። ሰሌዳውንም ያጥፉት። ከእንግዲህ ቅጽ አትላኩልኝ። ወንበሯን ወደ ጓዳ መልሼዋለሁ።

የአክስትሽ ባል


ታኅሣሥ ፲፯ ቀን

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሳይጨርሱ እንዳያጥፉት።

ማጣሪያ ሰሌዳውን በእጃቸው አጠፉ። አልተቆጡም። ከዚያ መዝገቡን አውጥተው ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። ያልነገርኩዎት ነገር አለ። በመዝገባችን አንድ ጓሮ አንድ መስመር ነው። የማይታመን ጓሮ ሙሉ መስመሩ ይሰረዛል። የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የአክስቴ አሥራ አንድ ዓመትም አብሮ ይሄዳል። እጃቸውን ያዝኩ። እውነቴን ነው፣ ሳላስበው እጃቸውን ያዝኩ።

ብዙ ካወራን በኋላ ያሉኝ ይህን ነው፤ «ቆጠራው እስኪያልቅ ንጹሕ ቅጽ ከላኩ መስመሩ ይቆያል። ከእንግዲህ አንድ የማያሳምን ቁጥር ከመጣ ግን እሰርዘዋለሁ፤ አንቺም አትለምኚኝም።» እሺ ብያቸዋለሁ።

እባክዎ ወንበሩን ከጓዳ ያውጡት። ሕጉ ቀላል ነው። በሩብ ሰዓቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ አብረው ያዩት ትልቁ ቁጥር፣ እሱ ብቻ ይጻፋል። ያለፈው ሳምንት ያለፈ ነው፤ በየቅዳሜው እንደ አዲስ ይጀመራል። ምንም ካላዩ ደግሞ ዜሮ ይጻፉና ይላኩ። ሰው ዜሮ መላክ ያፍራል፤ ባዶ እጁን እንግድነት የሄደ ይመስለዋል። አክስቴ ግን ዜሮ የሌለበት መዝገብ ውሸታም ነው ትል ነበር።

ለእሷ ሲሉ ነው።

የእህቷ ልጅ


ጥር ፯ ቀን

ልጄ፣

ወንበሩ ተመልሷል። ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም። ሦስት ንጹሕ ቅጽ አጠራቅሜ ላለመዋሸቴ ማስረጃ ይዤ ልቅረብ ብዬ ነው። ይኸውልሽ፤ ስድስት፣ አራት፣ ዜሮ።

ዜሮው የትናንቱ ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ባዶ አጥር አየሁ። ስጽፈው እጄ ከበደኝ። በእኔ ሥራ ዜሮ ማለት እዚህ ቤት ሰው አይኖርም ማለት ነበር።

አክስትሽ ቆጠራዋን የምትጽፍባቸውን ደብተሮች መሳቢያ ውስጥ አገኘኋቸው፤ በዓመት አንድ አንድ፣ አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩን አንብቤያለሁ። ቅጹ ላይ የማይገባውን እዚያ ነው የምታሰፍረው። «ሦስት። ነፋስ ነበር» ይላል አንዱ ገጽ። «አምስት፤ አንዷ እግሯን ታነክሳለች» ይላል ሌላው። በሌላ ቦታ ደግሞ «ዜሮ። ጋዜጣውን ጮክ ብሎ እያነበበ አባረራቸው» ብላ ከሳኛለች። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከግንቦት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ አንደኛውን፣ የመጨረሻ ዓመቷን፣ ግን አልከፈትኩትም። መሳቢያው ውስጥ ነው። እሱን አንብቤ ከጨረስኩ ከእሷ የምሰማው አዲስ ነገር አይኖርም። አታጣድፊኝ።

ብርዱ እየጠና ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ይህ ደግሞ ደግ ምልክት አይደለም።

የአክስትሽ ባል


ጥር ፲፫ ቀን፣ ቅዳሜ

ልጄ፣

ቅጹን ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ እባክሽ መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቢ።

ሦስት ቀን ሙሉ ውርጭ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በዕድሜዬ አላስታውስም። በባልዲ ያለ ውሃ እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል። ቦዩ፣ ኩሬው፣ ሰዉ ለወፍ ያስቀመጠው ሳህን ሁሉ ረግቷል። የከተማው የጓሮ ቧንቧ ሁሉ ደርቆ ሰነበተ፤ የእኔ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ መስመሩ ከጥልቅ ነው የሚመጣው፣ የሚሄድ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ሰዉ አጥብቆ ስለዘጋ ረጋበት፤ የእኔ መዘጋት ስላቃተው ተረፈ።

ዛሬ ለሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው መጋረጃውን ገለጥኩ። አጥሬን አጣሁት። ሽቦው አይታይም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ ረግቦ መሬት ሊነካ ደርሷል። ዛፉ በዚህ ብርድ ቅጠል ያወጣ መስሎኝ ነበር፣ ቅጠሉ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ገባኝ። ድንቢጥ፣ እርግብ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫ ሆዱ ትንሽ ወፍ፣ ሁሉም ተቀላቅሏል። ጭልፊት ሳይቀር ጣሪያው ጫፍ ላይ ነበር፤ ማንንም አልነካም፣ ማንም አልሸሸውም።

እና ልጄ፣ አይጋፉም። ይህን እንድታውቂልኝ ነው የምጽፈው። ያቺ ቧንቧ በአንድ ጊዜ አንድ ጠብታ ነው የምትሰጠው። አንዷ ትመጣለች፣ ጠብታዋን ትቀበላለች፣ አንገቷን ወደ ሰማይ ታነሣለች፣ ትሄዳለች። ሌላዋ ትተካለች። ያ ሁሉ ወፍ ተራውን ይጠብቃል። ክንፋቸው ሲርገበገብ ቤቱ ውስጥ ሆኜ እንደ ዝናብ ይሰማኝ ነበር። ባርኔጣዬን እንዳወለቅሁ ያወቅሁት ጭንቅላቴን ሲበርደኝ ነው። መስኮቱን ከፍቼው ነበር፣ መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም። አለቀስኩ፤ ብነግርሽ አላፍርም። ዘጠኝ ዓመት ያፈርኩባት ያቺ የተበላሸች ቧንቧ አገር ምድሩን ታጠጣለች።

ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ቆጠርኩ። አጥሩ በቋሚዎች መካከል አሥራ አራት ክፍል አለው፣ ሽቦው ሦስት ነው፣ በአንድ ክፍል ስድሳ ያህል ነበሩ። ይህ ስምንት መቶ አርባ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ አርባ ነው፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ዘጠኝ፤ ሦስት መቶ ስድሳ። በገመዱ አንድ መቶ አርባ። ዛፉን በየቅርንጫፉ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ስምንት መቶ። መሬት ላይ ያሉት አላስቆም ስላሉኝ ትቻቸዋለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እነሱ እስከ አራት ሰዓት ቆዩ።

እስክሪብቶውን ዳግም አንሥቼ ሰባት ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሰባት ብል ኃላፊሽ ያምናሉ፣ መስመሯም ይተርፋል። ያየሁትን ብጽፍ ግን የማያሳምን ቁጥር ነው፣ ይሰረዛል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። በውሸት የቆየ መስመር ግን የእሷ መስመር አይሆንም፤ የራሴ ይሆናል።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ፈርሜበታለሁ።

የአክስትሽ ባል


ጥር ፳፪ ቀን

ልጄ፣

አጭሯ ደብዳቤሽ ደርሳኛለች። አይ፣ ሌላ ያየ ሰው የለም። ቤቴ የመንገዱ መጨረሻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በአንድ በኩል የመጋዘኑ ግንብ ነው። በሌላ በኩል ያለው ጎረቤቴ ሲንሿሿ ሰምቶ ዝናብ መስሎት ተገልብጦ ተኝቷል። ፎቶ የሚያነሣ ነገርም የለኝም።

«ብዙ» ብለው ብቻ ይጻፉና ሌላ ቅጽ ይላኩልኝ ያልሽውን አነበብኩ። ለእኔ አዝነሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን አልለውጠውም። ያየሁትን ጽፌያለሁ፤ የቀረው የኃላፊሽ ነው። መስመሯን ከሰረዙት አንቺ አትጋጪያቸው፣ ቃል ገብተሻልና።

የአክስትሽ ባል


የካቲት ፭ ቀን

ጋሼ፣

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምጽፈው ባጣ ሳይሆን ቆርጬ የምጽፈው እስኪኖረኝ ነው። አሁን አለኝ፤ እየተቻኮልኩ ነውና እርስዎም ለአንድ ቀን የእኔን የእጅ ጽሑፍ ይታገሱ።

ቅጽዎን ለማጣሪያ ስሰጥ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁና ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። አልለመንኳቸውም። የዚያ ቅዳሜ የሌሎቹ ጓሮዎች ቅጽ የት አለ ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው። ቢሯችን አምስት ብቻ ነበር የደረሰው፤ አምስቱም ባዶ ጓሮ ነው የሚሉት። እርስዎ ካሉበት ከተማ መቶ አሥራ ሁለት ሌሎች ጓሮዎች አሉን፣ ከወትሮው ግማሹ እንኳ አልመጣም። ማጣሪያ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡና፣ «ሰው ዜሮ ይዞ ፖስታ ቤት አይሄድም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጻፊላቸው አሉኝ።

ለቀሩት ለሁሉም በእጄ ጻፍኩ። ሦስቱ የሥራ ባልደረቦቼ አድራሻ ሲጽፉልኝ ዋሉ። የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚያ ቅዳሜ ቅጽዎን፣ ዜሮም ቢሆን፣ ይላኩልን። ስለ እርስዎ ምንም አላነሣንም።

ቅጾቹ መምጣት የጀመሩት ባለፈው ሰኞ ነው። ማጣሪያ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይከፍታሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ። ዜሮ። ዜሮ። «ዜሮ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዘንድሮ ወፎቼ የት እንደገቡ አላውቅም።» ዜሮ። አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ከሃያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም ብላ ጽፋለች፤ ሰባት ቤት ያለበት መንገድ ላይ አንድም ላባ አልነበረም። ሠላሳኛው ላይ ሲደርሱ የማጣሪያ ድምፅ ተቀየረ። ስድሳኛው ላይ አቁመው ውሃ ጠጡ።

ስምንቱ አልመለሱልንም፤ ታመው ወይም ብርዱን ፈርተው ይሆናል። መቶ አራቱ ግን መልሰዋል። ሁለቱ አንድ አንድ ቁራ ጽፈዋል። መቶ ሁለቱ ዜሮ ናቸው። በአንዲት ሩብ ሰዓት ውስጥ የአንድ ከተማ ጓሮ ሁሉ ባዶ ነበር ጋሼ። በሕይወቴ ባዶ ነገር እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ማጣሪያ የቀደመውን ሳምንት ቅጾች እንዳወጣ አዘዙኝ፤ እርስዎ ዜሮ የላኩበትን ቅዳሜ። የእነዚያኑ መቶ አራት ጓሮዎች ወፍ ደመርኩት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት።

ከእርስዎ ቁጥር ስድሳ ስድስት ይበልጣል። ማጣሪያ ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩትና የእርስዎን ደብዳቤ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «መሬት ላይ ያሉትን ትቻቸዋለሁ ይላሉ» አሉ።

እሳቸው ተነሥተው መዝገቡን አወጡ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ ከእኔ ተቀበሉ፣ በአክስቴ መስመር ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ብለው በእጃቸው ጻፉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፤ «ለአጎትሽ ጻፊላቸው። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ስጠራጠር ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ የታመነ ቁጥር በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

ጋሼ፣ አክስቴ ከነአሥራ አንድ ዓመቷ አለች። አሥራ ሁለተኛውም ከእሷ በታች ተጽፏል።

ማጣሪያ አንድ ነገር ይጠይቁዎታል። አክስቴ ስለ ውርጭ ቀንና ስለ ቧንቧው የጻፈችው ነገር ካለ ማወቅ ይፈልጋሉ። በአሥሩ ደብተር ከሌለ በአሥራ አንደኛው ይኖር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አላጣድፍዎትም።

የእህቷ ልጅ


የካቲት ፲፩ ቀን፣ ቅዳሜ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ለእነዚያ መቶ ሁለት ሰዎች ከእኔ ምስጋና ይድረሳቸው። ባዶ ጓሮ አይቶ ባዶ ነው ብሎ መፈረም ቀላል አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

አሥራ አንደኛውን ደብተር ዛሬ ከቆጠራው በኋላ ከፈትኩት። ጽሕፈቷ ወደ መጨረሻው ይደክማል፣ ቁጥሮቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለኃላፊሽ የሚሆነው መሐሉ ላይ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፤ «ስድስት። ዛሬ ውርጭ ነበር፣ ሳህኑ ረጋ። ስድስቱም ከቧንቧው ጠጡ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ተራ ይዘው። ከእንግዲህ ሥራው ብዬ አልጠይቀውም። ለምን እንደተውኩትም አልነግረውም፣ ይኮራብኛል።»

እንግዲህ ተስፋ ቆርጣብኝ አልነበረም። ይህን ብቻ ማወቅ ነበር የቸገረኝ። መፍቻውን ጎረቤቴ ወስዶታል፤ እንዳይመልሰው ነግሬዋለሁ።

የዘንድሮ የመጨረሻው ቅጽ አብሮ አለ። ብርዱ ለቋል፣ ውሃው ሁሉ ቀልጧል፣ ወፎቹም ወደየጓሯቸው ተመልሰዋል። ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ከሩብ ሦስት ድንቢጥ መጡ። ሦስት ብቻ። ጠጥተው አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀና ሲያደርጉ፣ ለሁለቱ ሺህ ያወለቅሁትን ባርኔጣ ለሦስቱም አወለቅሁ።

የአክስትሽ ባል